«ጎስት» እና ጎረቤቶቹ፤ ሙታንን የሚጠሩ የእንግሊዝኛ ቃላት ትናንትና ዛሬ

የእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት፥ በተለይም ተመሳሳይ ቃላትን አሰባስበው የሚያቀርቡ መጻሕፍት፥ «ጎስት» የሚለውን ቃል በጠቀሱ ጊዜ ሁሉ ረጅም የስም ሰልፍ ከጐኑ ያቆማሉ፤ ስፒሪት፣ ስፔክተር፣ ፋንተም፣ አፓሪሽን፣ ሬይዝ፣ ሼድ፣ ስፑክ፣ ሬቬናንት። ሰልፉን የሚመለከት ሰው እነዚህ ሁሉ የአንድ ነገር ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው፤ አንዱን አንሥተው በሌላው ስፍራ ቢያኖሩት ትርጕሙ አይናጋም ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የሕዝቦችን እምነትና ልማድ ያጠኑ ሊቃውንትም ለብዙ ዘመን ያደረጉት ይህንኑ ነው። በአፍሪካ፣ በአሜሪካ ወይም በእስያ የሚኖር ሕዝብ የሞተ ዘመዱን የሚጠራበትን ስም ወደ እንግሊዝኛ በመለሱ ጊዜ ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ለጆሮ የጣማቸውን መርጠው ጽፈዋል። ነገር ግን ሰልፉ ራሱ አሳሳች ነው። ቃላቱ በትውልድ፣ በማዕርግና በጠባይ የተለያዩ ናቸው። ከዚህም በላይ ዋናው ቃል «ጎስት» ባለፉት መቶ ዓመታት ከሙታን እየራቀ ወደ ሌላ ሥራ ስለ ተሰማራ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት የተተረጐመውን ጽሑፍ በዛሬ ጆሮ የሚያነብ ሰው ተርጓሚው ያላሰበውን ነገር ይሰማል። ይህ ለቋንቋ ተማሪ ብቻ የሚተው ጕዳይ አይደለም። የሌላውን ሕዝብ ሃይማኖት በምን ስም እንጥራው የሚለው ጥያቄ፥ ያንን ሃይማኖት በቁም ነገር እንመልከተው ወይስ በተረት መልክ የሚለውን ጥያቄ በውስጡ ይዟልና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጎስት ከጥንቱ እንግሊዝኛ የወረደ የአገሩ ተወላጅ ነው። የቀድሞ መልኩ «ጋስት» ሲሆን የጀርመንኛው «ጋይስት» የቅርብ ዘመዱ ነው። በመጀመሪያ ትርጕሙ የሙት ምስል ማለት አልነበረም፤ ነፍስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ ማለት ነበር። የእንግሊዝ ካህናት መንፈስ ቅዱስን «ሃሊግ ጋስት» ብለው የተረጐሙት ስለዚህ ነው። ለግዕዝና ለአማርኛ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ መንፈስና ነፍስ፣ ነፋስና እስትንፋስ ከአንድ ሥር የበቀሉ መሆናቸውን ያውቃልና። ዛሬ በቃሉ አጻጻፍ ውስጥ የተቀመጠው የማይነበብ ፊደል ግን የኋላ ጭማሪ ነው። ዊልያም ካክስተን በ1476 በዌስትሚንስተር ማተሚያ ከማቆሙ በፊት ሙያውን የያዘው በብሩዥ ከተማና በአካባቢው ስለ ነበር፥ እርሱና ፊደል ለቃሚዎቹ የፍላንደርስን አጻጻፍ ልማድ ይዘው መጡ፤ ቃሉም ያን ፊደል እንዳዘለ ቀረ። የእንግሊዝኛ አንባቢ ዛሬ ጎስት የሚለውን ቃል ባየ ቍጥር የሚያየው ያልተጠራ ፊደል፥ ነገሩን ለሚወድ ሰው፥ ራሱ እንደ ጎስት ያለ ነው።

በ1611 የታተመው የንጉሥ ያዕቆብ መጽሐፍ ቅዱስ የቃሉን የቀድሞ ክብር ጠብቆ አቈይቷል። በዚያ ትርጕም ውስጥ ጎስት የሚገኘው በሁለት ስፍራ ብቻ ነው፤ አንደኛው በመንፈስ ቅዱስ ስም፥ ሁለተኛው ሰው ነፍሱን ሰጠ ወይም ሞተ በሚባልበት አነጋገር። ለሰው ዓይን የሚታይ የሙት ምስል በዚያ መጽሐፍ ጎስት ተብሎ አልተጠራም። ደቀ መዛሙርቱ ጌታ በባሕር ላይ ሲራመድ አይተው በደነገጡበት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14፥ ግሪኩ «ፋንታስማ» ያለውን የ1611 ተርጓሚዎች «ስፒሪት» አሉት። አሁን በ1901 የወጣውን የአሜሪካኖች እርማት ከዚህ ጋራ ቢያስተያዩት ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። በባሕር ላይ የታየው ጎስት ሆነ፤ ቅዱሱ መንፈስ ደግሞ ስፒሪት ሆነ። ሁለቱ ቃላት በመንገድ ተገናኝተው ወንበር ተለዋወጡ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት ትርጕሞች አብዛኞቹ በዚሁ ጸንተዋል። ምክንያቱም ስውር አይደለም፤ ተራው ሰው ጎስት ሲባል ነጭ አንሶላ የተከናነበ ማስፈራሪያ ስለሚታየው፥ ቃሉን በቅዳሴ መካከል መስማት ለሕፃናት ሣቅ፥ ለካህናት ኀፍረት ሆኖ ነበር። የጥንቱን ጸሎት የሚወዱ ሰዎች ለውጡን እንደ ክብር መቀነስ ቈጥረውት ነበር፤ በእውነቱ ግን ክብሩ አስቀድሞ ከቃሉ ወጥቶ ሄዶ ነበር፤ ተርጓሚዎቹ ያደረጉት የሄደውን ተከትሎ መሄድ ነው።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዚያው ስፍራ «ምትሐት» ይላል። ይህ ምርጫ ሊመረመር የሚገባው ነው። ምትሐት ዓይንን የሚያታልል ነገር ነው፤ የታየው በእውነት እንደሌለ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ጎስት ግን ስለ መኖር ወይም ስለ አለመኖር በመሠረቱ አይፈርድም፤ ጎስት አየሁ የሚል እንግሊዛዊ ሊያምንም ሊቀልድም ይችላል። መንፈስ የሚለው የአማርኛ ቃል ደግሞ በጣም ሰፊ ነው፤ ቅዱሱንም ርኩሱንም፥ የሰውንም የመልአክንም ይይዛል፥ የሚለየውም ከጐኑ የሚቆመው ቅጽል ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛ በሁለት ቃል የከፈለውን አማርኛ በአንድ ቃልና በቅጽል ይከፍለዋል፤ የሟች ነፍስ ብቻ ሲፈለግ «የሙት መንፈስ» ማለት ግድ ይሆናል።

በእንግሊዝ አገር ቃሉ ከነፍስ ወደ ሙት ምስል ያዘነበለው በሃይማኖት ክርክር መካከል እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነፍሳት የሚነጹበት መካከለኛ ስፍራ አለ ስለሚል፥ ከዚያ የመጣች ነፍስ ጸሎት ልትለምን ለሕያዋን ትገለጣለች ማለት አያስቸግርም ነበር። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ39ኙ አንቀጾቿ በ22ኛው ያንን ትምህርት በጣለች ጊዜ ግን ሙታን የሚመጡበት በር ተዘጋ። በሌሊት የሚታየው እንግዲህ ማን ነው? የዙሪኩ መምህር ሉድቪግ ላቫተር በ1569 ያሳተመው፥ በ1572 ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው መጽሐፍ ይህን ጥያቄ አንሥቶ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ የሰይጣን ሥራ ወይም የሰው ማታለል መሆኑን ለማስረዳት የተጻፈ ነው። የእንግሊዝኛው ርእስ ጎስትንና ስፒሪትን ጐን ለጐን ያስቀመጠ ሲሆን፥ ሁለቱ ቃላት በዚያ ዘመን ገና ያልተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል።

የሼክስፒር ሐምሌት መታየት ያለበት በዚህ ብርሃን ነው። በተውኔቱ ጽሑፍ የሟቹ ንጉሥ ድርሻ «ጎስት» ተብሎ የተመለከተ ቢሆንም፥ በመድረክ ላይ ያሉት ሰዎች ግን በአንድ ስም አይጠሩትም። የተማረው ሆሬሽዮ መጀመሪያ ሳያምን የዓይን ማሳሳቻ ያደርገዋል፤ ወታደሮቹ «ያ ነገር» ይሉታል፤ ሐምሌት ራሱ የሰማይ መንፈስ ይሁን የገሃነም ጋኔን ሳያውቅ ሁለቱንም ስም ይሰጠዋል። ጎስት ብሎ አምኖ የሚጠራው ነገሩን ከሰማ በኋላ ነው፤ ከዚያም በኋላ እንደ ገና ይጠራጠራል። ስለዚህ የስሞቹ መለዋወጥ የቃላት ጌጥ አይደለም፤ የተውኔቱ ጥያቄ ራሱ ነው። በመድረኩ ላይ የቆመው ማን እንደ ሆነ በስሙ ይታወቃል፤ ስሙ ደግሞ በየትኛው ሃይማኖት እንደ ተማሩ ይወስናል። ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሐምሌትን ወደ አማርኛ መልሶታል። እንዲህ ያለውን ተውኔት የሚመልስ ማንኛውም ጸሐፊ መንፈስ፣ ምትሐት፣ ጋኔን፣ ጥላ የሚሉትን ቃላት ሳይደበላልቅ በየተናጋሪው አፍ ማደል አለበት፤ አንዱን ብቻ ይዞ የሄደ እንደ ሆነ የሐምሌት ጥርጣሬ መሠረቱን ያጣል።

ከውጭ የገቡት ቃላት ጠባያቸው ሌላ ነው። ስፔክተር በላቲን «ማየት» ከሚለው ግሥ፥ ፋንተም በግሪክ «ማሳየት፥ መገለጥ» ከሚለው፥ አፓሪሽንም «መታየት» ከሚለው የወጡ ናቸው። እንግዲህ ጎስት የእስትንፋስ ልጅ ሲሆን እነዚህ ሦስቱ የዓይን ልጆች ናቸው። ልዩነቱ እስከ ዛሬ ይሠራል። ጎስት ይናገራል፣ ይከሳል፣ ቂም ይይዛል፣ ቤት ይጠብቃል፤ ስፔክተርና ፋንተም ግን በአብዛኛው ይታያሉ እንጂ ጠባይ የላቸውም። ኒውተን በ1672 በታተመው ደብዳቤው በብርጭቆ ተሰብሮ በግድግዳ ላይ የተዘረጋውን ቀለም «ስፔክትረም» ብሎ ሲጠራው፥ ለዓይን የሚታየውን ለመሰየም ያንኑ የላቲን ቃል ወስዶ ነው። የአሜሪካው ሐኪም ሳይለስ ዊር ሚቸልም እጅና እግራቸው የተቈረጠ ወታደሮች የሌለው አካላቸው ሲያማቸው አይቶ በ1871 ነገሩን ፋንተም ብሎ ሰየመው፤ ይህም የሕክምና ቃል ሆኖ ቀረ። በ1882 በለንደን የተቋቋመው የነፍስ ምርምር ማኅበር አባላት ጉርኒ፣ ማየርስና ፖድሞር በ1886 ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ጎስት የሚለውን ቃል ሸሽተው «ፋንታዝም» ማለታቸው ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል። የጻፉት ስለ ሙታን ሳይሆን በሞት አፋፍ ላይ ሳሉ ለሩቅ ዘመድ ስለሚታዩ ሰዎች ስለ ነበረ፥ ጎስት የሚለው ቃል ሳይመረመር «ሞቷል» ብሎ ይፈርድባቸው ነበርና። ስማቸው ለሳቅ ቢዳርጋቸውም በቃል ምርጫ በኩል ከብዙ የሕዝብ ጥናት ሊቃውንት ይልቅ የተጠነቀቁ ነበሩ።

የቃል ምርጫ በፖለቲካም ዋጋ አለው። ማርክስና ኤንግልስ በ1848 ያወጡት የኮሙኒስት መግለጫ በመክፈቻው ላይ ያለው የጀርመን ቃል «ጌሽፔንስት» ነው። ሄለን ማክፋርለን በ1850 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው «ሆብጎብሊን» አለችው፤ ይህ በገጠር ተረት የሚገኝ ሕፃናት የሚፈሩት ክፉ ፍጡር ነው። ሳሙኤል ሙር በ1888 «ስፔክተር» አለው፤ እስከ ዛሬ የሚታወቀውም ይኸው ነው። ማክፋርለንን የሚያላግጡ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን የመግለጫውን አሳብ ላጤነ ሰው የእርስዋ ቃል ከንቱ አልነበረም፤ ባለሥልጣኖቹ ሕፃን እንደሚፈራ ይፈሩታል፥ ፍርሃታቸውም የተረት ፍርሃት ነው የሚለውን ይዟልና። ሙር የመረጠው ግን የላቲን ክብር ያለው፥ ከሩቅ የሚታይ፥ ዝምተኛ ነገር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣክ ዴሪዳ በ1993 ስለ ማርክስ በጻፈው መጽሐፍ ርእስ ያቆመውም ይኸንኑ ቃል ነው፤ በሆብጎብሊን ላይ እንዲህ ያለ ፍልስፍና መሥራት ይቻል እንደ ነበረ ያጠራጥራል።

በጠረፍና በተራው ሕዝብ አፍ የሚገኙት ቃላት በመዛግብተ ቃላት የሚናቁ ቢሆኑም ብዙ ጊዜ ከሁሉ የጠሩ ናቸው። ሬይዝ የስኮትላንድ ቃል ሲሆን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጋቪን ዳግላስ የቨርጂልን ኤኔይድ ወደ ስኮትኛ በመለሰበት ሥራ ውስጥ ይገኛል። በተለይ የሚያመለክተውም ሊሞት የተቃረበ ሰው ገና ሳይሞት የሚታይ አምሳያውን ነው፤ በአየርላንድ «ፌች» የሚባለው የዚሁ ጎረቤት ነው። እንግዲህ ሬይዝ የሕያው እንጂ የሙት አይደለም፤ ከጎስት ጋራ በአንድ ሰልፍ ማቆሙ ስሕተት ነው። በአሜሪካ ደቡብ በጥቍሮች ዘንድ «ሄይንት» የሚባለው ቃል ከ«ሆንት» የመጣ ነው፤ ይህ ግሥ በጥንቱ ፈረንሳይኛ አንድን ስፍራ ማዘውተር ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ሙት ቤትን ሲያዘወትር ማለት ሆኗል። በደቡብ ካሮላይናና በጆርጂያ ጠረፍ የሚኖሩ የጉላ ሕዝቦች ሄይንት እንዳይገባ የበረንዳቸውን ጣራ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ያ ቀለም ዛሬ በቀለም ነጋዴዎች ዘንድ «ሄይንት ብሉ» ተብሎ በቆርቆሮ ይሸጣል።

ስፑክ ከኔዘርላንድኛ ወደ አሜሪካ እንግሊዝኛ የገባ የቀልድ ቃል ነው። ነገር ግን በ20ኛው መቶ ዓመት መካከል ሁለት ሌላ ትርጕም ወለደ፤ አንደኛው ሰላይ፥ ሁለተኛው ጥቍር ሰውን የሚያዋርድ ስድብ። ሳም ግሪንሊ በ1969 ባወጣው ልቦለድ ርእስ ሁለቱን ትርጕሞች በአንድ ቃል አጣመራቸው፤ ታሪኩ በአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ለታይታ የተቀጠረ ጥቍር ሰው ነውና። ፊሊፕ ሮዝ በ2000 ያሳተመው «ዘ ሂውማን ስቴይን» ደግሞ በቃሉ ላይ የቆመ ልቦለድ ነው ማለት ይቻላል። አንድ መምህር ከትምህርት የቀሩ ሁለት ተማሪዎችን በጥንቱ ትርጕም ስፑክ ናቸውን ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪዎቹ ጥቍሮች ሆነው ይገኛሉ፤ መምህሩም ይወድቃል። ልቦለዱን የሚያደንቁ አንዳንድ ሃያስያን መምህሩ የንጹሕ ቃል ሰለባ ነው ይላሉ። ይህ አነባበብ ጐደሎ ነው። ቃል በመዝገብ ውስጥ የሚኖረው ብቻ አይደለም፤ በአፍ ውስጥ የኖረበትን ዘመን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ሮዝም ይህን ስለሚያውቅ መምህሩን ራሱን ጥቍርነቱን ሰውሮ የኖረ፥ ማለትም የራሱ ሰው ሙት ያደረገ አድርጎ ፈጥሮታል። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ2002 «ስፑክስ» ብሎ የጀመረው የሰላዮች ድራማ በአሜሪካ በሌላ ስም መታየቱም እዚህ ጋራ ሊታወስ ይገባል።

የጎስት የዛሬ ኑሮ ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስገርም ነው። በአሁኑ እንግሊዝኛ ቃሉ የሚገለገልበት ዋና ትርጕም የሞተ ሰው ሳይሆን የሌለ ሰው ነው። በሌላ ሰው ስም መጽሐፍ የሚጽፍ ጎስት ጸሐፊ ይባላል፤ ነዋሪ የለቀቀው ከተማ ጎስት ከተማ ይባላል፤ በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ያለ፥ በሥራ ላይ ግን የማይገኝ ጎስት ሠራተኛ ነው፤ ከዓሣ አጥማጆች እጅ አምልጦ በባሕር ውስጥ ዓሣ መግደሉን የሚቀጥል መረብ ጎስት መረብ ይባላል። ከ2003 ወዲህ በሴንት ሉዊስ ተጀምሮ ብስክሌት ነጂ በመኪና በተገደለበት ስፍራ የሚቆመው ነጭ የተቀባ ብስክሌት ብቻ የቀድሞውን ሐዘን በከፊል ጠብቋል። ሜሪያም ዌብስተር በ2017 መዝገቡ ውስጥ ያገባው አዲሱ ግሥ ደግሞ ከሁሉ የራቀ ነው፤ ወዳጁን ያለ ቃል ትቶ፥ ለደብዳቤም ለስልክም መልስ ሳይሰጥ መጥፋት ማለት ነው። በዚህ አነጋገር ጎስት የሆነው የጠፋው ነው፤ የሚሠቃየው ደግሞ የቀረው። የጥንቱ ጎስት ተመልሶ ይመጣል፤ የዛሬው አይመለስም። በአንድ ቃል ውስጥ ከዚህ የበለጠ መገልበጥ አይገኝም። የሮልስ ሮይስ መኪና ሠሪዎችም ድምፅ አልባነትን ለማሞገስ በ1907 «ሲልቨር ጎስት»፣ በ1925 «ፋንተም»፣ በ1938 «ሬይዝ» ብለው ሲሰይሙ፥ በ2022 ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናቸውን «ስፔክተር» ብለው ሲያሳዩ፥ ከሙታን ስሞች የቀረው ዝምታና ብልጽግና ብቻ መሆኑን ሳያስቡት አስመሰከሩ።

ሊቃውንቱ ራሳቸው በዚህ መንሸራተት ረድተዋል። ዋልተር ስኪት በ1886 ለፊሎሎጂ ማኅበር ባደረገው ንግግር በስሕተት ብቻ የተወለዱ፥ ማንም ተናግሯቸው የማያውቅ ቃላትን ጎስት ቃላት ብሎ ሰየማቸው። በ1934 የታተመው የዌብስተር መዝገብ «ዶርድ» የሚል፥ የቁስን እፍጋት የሚያመለክት ተብሎ የተጻፈ ቃል ይዞ ወጣ፤ በ1939 ሲመረመር ከአንድ አሕጽሮት በስሕተት የተነበበ ሆኖ ተገኘ። ጊልበርት ራይል በ1949 የዴካርትን ትምህርት ለማፍረስ የሰው አእምሮ በመኪና ውስጥ የተቀመጠ ጎስት ነው የሚል መሳለቂያ አወጣ። በሁለቱም አነጋገር ጎስት ማለት የሌለ ነገር ማለት ነው፤ ክርክሩም የሚሠራው አንባቢው ያን ትርጕም አስቀድሞ ስለ ተቀበለ ነው።

ወደ ትርጕም ጥያቄ ሲመለሱ ይህ ሁሉ ዋጋ ያገኛል። የኢብሰን የ1881 ተውኔት በኖርዌጅኛ «ጌንጋንገሬ» ይባላል፤ እንደ ገና የሚመላለሱ፥ ተመላሾች ማለት ነው። በእንግሊዝኛ «ጎስትስ» ተባለ፤ በለንደንም በ1891 በዚህ ስም ታየ። ፈረንሳዮች «ሬቬናንት» የሚል በቀጥታ ተመላሽ ማለት የሆነ ቃል ስለ ነበራቸው አልተቸገሩም። የተውኔቱ ፍሬ የአባት ኀጢአት በልጅ ሥጋ ተመልሶ መምጣቱ ነው እንጂ የሙት መታየት አይደለም፤ በመድረኩም ላይ አንድም ሙት አይታይም። የእንግሊዝኛው ርእስ ተመልካቹን ወደማይመጣ ነገር እንዲጠባበቅ ያደርጋል።

ከዚህ የከበደው የማክሲን ሆንግ ኪንግስተን የ1976 መጽሐፍ «ዘ ዉማን ዎሪየር» ጕዳይ ነው። በካሊፎርኒያ ያደገችው ደራሲ የወላጆቿን የቻይንኛ ቃል «ጕይ» በሙሉ ጎስት ብላ መለሰችው። ጕይ የሙት መንፈስም ጋኔንም ነው፤ በተጨማሪም ባዕዳንን በተለይም ነጮችን የሚነቅፉበት ስድብ ነው። ስለዚህ በመጽሐፏ ውስጥ ደብዳቤ አመላላሹም፣ ጋዜጣ ሻጩም፣ ፖሊሱም ጎስት ናቸው። አንዳንድ የቻይና ተወላጅ አሜሪካውያን ሃያስያን ቃሉ በዚህ ስፍራ «ዲመን»፥ ማለትም ጋኔን፥ መባል ነበረበት፤ ጎስት የስድቡን ስለት ለነጭ አንባቢ አለስልሷል ብለው ተቃወሟት። ክሱ በከፊል እውነት አለው። ሆኖም ሃያስያኑ ያላዩት ነገር አለ። ደራሲዋ የፈለገችው ስድቡን ብቻ አልነበረም፤ ለስደተኞቹ ወላጆች ነጮቹ በአጠገባቸው የሚያልፉ፥ ነገር ግን በእውነት የሌሉ፥ ሊነኩ የማይችሉ ሰዎች መሆናቸውንም ነው። ይህን ደግሞ ጋኔን የሚለው ቃል ሊሸከም አይችልም፤ የዛሬው ጎስት ብቻ፥ የሌለውን ሰው የሚጠራው፥ ይሸከመዋል። በዚያው መጽሐፍ ስሟ የተሰወረችው ራሷን የገደለች አክስት ደግሞ በጥንቱ ትርጕም ጎስት ናት። ሁለቱ ትርጕሞች በአንድ ቃል ውስጥ ሲጋጩ መስማት የመጽሐፉ ትልቁ ስኬት ነው።

በሕዝብ ጥናት ትምህርት ግን እንዲህ ያለ መጋጨት ስኬት ሊሆን አይችልም። ኤድዋርድ ታይለር በ1871 የሃይማኖትን መነሻ ሲያስረዳ ሰው በሕልምና በሞት ምክንያት ያሰበውን ረቂቅ ምስል «ጎስት ነፍስ» ብሎ ሰየመው፤ ሄርበርት ስፔንሰርም ሃይማኖት ሁሉ ከሙታን ጎስት አምልኮ ወጣ አለ። ቃሉ በእነርሱ እጅ ሳለ ገና ግማሽ ክብር ነበረው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ፍርድ የያዘ ነበር፤ የእነርሱ ወገን አንባቢ ሃይማኖቱ ከነጭ አንሶላ ታሪክ እንደ ወጣ ሆኖ ይሰማው ነበር። ኤቫንስ ፕሪቻርድ በ1956 ስለ ኑዌር ሃይማኖት በጻፈው መጽሐፍ የተሻለ መንገድ ይዟል። በደቡብ ሱዳንና በኢትዮጵያ በጋምቤላ የሚኖሩት ኑዌሮች «ክዎት» የሚሉትን እርሱ ስፒሪት ብሎ ተረጐመው፤ ከትንፋሽና ከመንፋት ጋራ ያለውን ዝምድናም ከዕብራይስጥ፣ ከግሪክና ከላቲን ቃላት ጋራ አስተያየ። የዚህ ዘዴ ድካሙ ግን አንድ ነው፤ ከሰማይ ያለውን አንዱን ከታናናሾቹ መናፍስት የሚለየው በትልቅ ፊደል መጻፍ ብቻ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል በሌለው በግዕዝ ጽሕፈት መጽሐፉን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ያ ልዩነት ከእጁ ያመልጠዋል፤ ወይም ክዎት የሚለውን ቃል እንዳለ መያዝ፥ ወይም ቅጽል መጨመር ይኖርበታል።

ስለ ዛር የሚጽፉ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ፈተና በአብዛኛው አልፈዋል፤ ሚሼል ሌሪስ በጎንደር በ1932 ያጠናውን በ1958 ባሳተመ ጊዜ ዛር የሚለውን ስም እንዳለ ጠብቆታል። ይህም ተገቢ ነው፤ በሕዝቡ አነጋገር ዛሮች ሔዋን የሰወረቻቸው ልጆች ዘር ናቸው እንጂ የሞቱ ሰዎች አይደሉምና፥ ጎስት የሚለው ስም ከሥሩ ስሕተት ይሆን ነበር።

የሁሉ መራራ ምሳሌ ግን በሰሜን አሜሪካ ይገኛል። በኔቫዳ የነበረው የፓዩት ሰው ዎቮካ ሰላምን፣ ሥራንና ጭፈራን ሲያስተምር፥ የሞቱ ዘመዶች ተመልሰው ከሕያዋን ጋራ በታደሰች ምድር ይኖራሉ የሚል ተስፋ ሰጠ። ፓዩቶች ጭፈራውን በክብ መጨፈር ይሉት ነበር፤ ላኮታዎች ደግሞ «ዋናጊ»፥ ማለትም የሙታን መንፈስ፥ በሚለው ቃላቸው ጠሩት። በእንግሊዝኛ «ጎስት ዳንስ» ሆነ፤ በጋዜጦችና በመንግሥት ሪፖርቶች ውስጥ የገባው ይህ ስም ነው። የላኮታዎች መሬት በ1889 ተከፋፍሎ ነበር፤ የምግብ ድርጎአቸውም ተቀንሶ ነበር፤ ስለዚህ እልቂቱን ያመጣው አንድ ቃል ነው ማለት የታሪክን ምክንያት መሳት ይሆናል። ነገር ግን ተስፋን የያዘ የዘመድ ናፍቆት፥ በአንባቢው ዘንድ የጨለማና የእብደት ሥራ መስሎ እንዲታይ ያ ስም የራሱን ድርሻ አበርክቷል። ሲቲንግ ቡል ታኅሣሥ 15 ቀን 1890 ተገደለ፤ ታኅሣሥ 29 ቀን በዉንድድ ኒ ወንዝ አጠገብ ከ150 የማያንሱ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በወታደር ጥይት አለቁ።

ጄምስ ሙኒ ለአሜሪካ የሕዝብ ጥናት ቢሮ ነገሩን ሊመረምር ወጥቶ በ1892 መጀመሪያ ከዎቮካ ጋራ ተገናኘ። ትምህርቱ የሰላም መሆኑን መስክሯል፤ የየጐሣውንም ስም አንድ በአንድ መዝግቧል፤ በክብ መጨፈር የሚሉትን፣ በእጅ ተያይዞ መጨፈር የሚሉትን፣ የመናፍስት ጭፈራ የሚሉትን ሁሉ። ይህ ትጋቱ እስከ ዛሬ የሚመሰገን ነው። መጽሐፉ በ1896 ሲታተም ግን በርእሱ ላይ የተጻፈው ያው ጎስት ዳንስ የሚለው ስም ነበር፤ ሌሎቹ ስሞች በውስጥ ገጾች ቀሩ።